ዘንበል ያለ ፊደል

ቢቸና ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
የዱቄት ብናኝ የማይለቀው አንድ ኮምፒውተር አለኝ፤
ማተሚያ ቤት ይሉታል፤ እኔም እሺ አልኩኝ።
ደረሰኝ አትማለሁ፣ የዕድር መዝገብ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣
«ውሻ አለ ተጠንቀቅ»፣ «የሚሸጥ የባሕር ዛፍ ግንድ»፤
ሁሉም በቁም ፊደል፣ እንደ ዘብ።

ማታ ግን፣ ወፍጮው ሲያርፍ፣
ለራሴ ሌላ ፊደል እስላለሁ፣ ዘንበል የሚል፣
ነፋስ እንደ ዳሰሰው ጤፍ።

በማሽንማ ቀላል ነው፤ ቁሙን ይዞ መግፋት ወደ ጎን።
ሞከርኩት። «ለ» አነከሰች፤ «ሰ» ከደረጃ ወደቀ፤
«መ» መነጽሯ ጠመመ፣ አታይም አሁን።
ዘንበል ማለት መገፋት አይደለም ለካ፤
ሊሄድ ያሰበ ሰው ነው፣ እግሩ ሳይነሣ
በትከሻው መንገድ ሲለካ።

ስለዚህ ጀመርኩት እንደገና፣ ከባዶ፤
የ«በ» ቀኝ እግር ወፍራም፣ ግራው እንደ ስንደዶ፤
ጫፉ ላይ ትንሽ ጥፍር፣ መሬት ቧጠጥ የሚያደርግ፣
እንዳያንሸራትተው፣ ዓባይ በረሃ እንደሚወርድ በግ።
ሐመሩ «ሐ» ከነፋስ ተስማማ፣ ስሙም ነውና መርከብ፤
ንጉሡ «ሠ» ግን ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፣
ዙፋኑ ላይ ዘንበል ለማለት ሲያስብ።
አሥር ዲግሪ ሰጠሁት፤ ሮጠ። አራት፤ ቆሞ አንቀላፋ።
ሰባት ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ተነፈሰ፤
ከዚያ መብራት ጠፋ።

የኔታ አንሙት ስልካቸውን ቻርጅ ሊያስደርጉ መጡ፤
ዲማ ያደጉ፣ አርባ ዓመት ቁም የጻፉ፣
ጥቁር ነው ዛሬም ድረስ የጠቋሚ ጣታቸው ጫፉ።
ስክሪኑን አዩት። ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ።
«ይህ ምን ሆኖ ነው? ታሞ ነው?» አሉ።
«ስሙን እወቅ ልጄ፤ ቁም ጽሕፈት ነው፣ ቁም!
ፊደል ደጀ ሰላም እንደ ቆመ ሰው ነው፤
ደከመኝ ብሎ አይጋደም።»
«መቋሚያስ፣ የኔታ?» አልኩ። «ማሕሌት ላይ ሌሊቱ ሲገፋ
በመቋሚያው ዘንበል ያለ ሰው፣ ቆሟል ወይስ ተኝቷል?»
ዝም አሉ። ስልካቸውን ነቀሉ፤
ሠላሳ በመቶ ብቻ ሞልቷል።

እኔም ፊደሉን ሥራ ፈለግሁለት።
ለወፍጮ ቤቱ ታፔላ ሰጠሁት፤ ገበሬው አልፎት ሄደ።
ለዕድር ቅጣት ደብዳቤ፤ የተቀጣው ሰው አልፈራም፣
«ይህማ ምክር ነው» ብሎ ቀደደ።
ለሙሽሪት ስም ብቻ ሳደርገው ግን ካርዱ ላይ ነፋስ ገባ፤
ለጥቅስ፣ ለሹክሹክታ፣ ለአንዲት መስመር መታሰቢያ፣
መጽሐፍ በር ላይ እንደ አበባ።
ሙሉ ገጽ ከሆነ ይሰለቻል፤ ቅመም ነው፣ እህል አይደለም፤
ሁሉም ዘንበል ካለ፣ ዘንበል ያለ የለም።

ኅዳር ላይ የኔታ ተመለሱ። ስልክ አልያዙም።
በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ዘረጉ።
«የይመናሹ አርባ ነው፤ ለቤተ ዘመድ።
ቀኑን፣ ደብሩን በቁም አድርገው፣ እንደ ሥርዓቱ። ስሟን ግን…»
ወፍጮው ይጮሃል፤ ጠበቁት እስኪያርፍ።
«ጥላሸቱን ከኩራዝ እየለቀመች
ቀለሜን የምትበጠብጥልኝ እሷ ነበረች።
ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ዘንበል ብላ ነው የሄደች፤
አሥራ አንድ ዓመት። ታማ አይደለም።
መንገድ ላይ ነበረች።»

ጻፍኩት። «መ» በሁለት ዐይኗ አየችኝ፤
የ«ሹ» ቀኝ እጅ ወደ ፊት ተዘረጋ፣ ግድግዳ እንደሚፈልግ።
የኔታ ጥፍሩን፣ ያን ትንሹን ጫፍ፣
በጥቁር ጣታቸው ዳሰሱ፤
«ይህችን እንኳ ብርዕ አትሠራትም» አሉ፤
ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባኝም።
ብሩን አልቀበልም ብል ጠረጴዛው ላይ ጥለው ተነሡ።

በራችን ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለው ወጡ።
ወፍጮው ጀመረ።
ስሟ ላይ ዱቄት አረፈ፤
እፍ አልኩት።